ለተጠራጣሪ ወንድም የሚሰጥ መልስ

ሃይማኖት የሌለው ሰው በጎ ሥራ ይሠራ ዘንድ ይችላልን? ይህ ጥያቄ ዛሬ በከተማ ብቻ ሳይሆን በገጠርም፣ በትምህርት ቤት ብቻ ሳይሆን በካህናት ቤትም ይሰማል። ጥያቄውን በሰማን ጊዜ ቍጣ የሚቀድመን ከሆነ፣ መልሱን ገና አላሰብንበትም ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩን በትዕግሥት እንመርምረው።

1. የልጁ ጥያቄ

ለምሳሌ ያህል በደብረ ማርቆስ አካባቢ የሚኖር አንድ ካህን እናስብ። ልጁ ፊደል ቈጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ ካደገ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ለፋሲካ በዓል ወደ ቤቱ በተመለሰ ጊዜ ግን ከቅዳሴ ቀረ። አባቱም ምክንያቱን ቢጠይቀው እንዲህ ሲል መለሰ፤ «አባቴ፣ አይቈጡኝ። እግዚአብሔር የለም የሚል ሐኪም ለድኃ ሲራራ አይቻለሁ፤ ጾም የማይሽር ነጋዴ ሚዛን ሲያጓድልም አይቻለሁ። ሃይማኖት ሰውን ደግ ካላደረገ ጥቅሙ ምንድን ነው?»

በዚህ ጊዜ በአባቱ ፊት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «ከሐዲ» ብሎ ከቤት ማስወጣት ነው። ይህን ቢያደርግ ልጁ ይሄዳል፤ ጥያቄው ግን መልስ ሳያገኝ አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛው አስቀምጦ ማስረዳት ነው። ሐዋርያት ቶማስ ትንሣኤውን በተጠራጠረ ጊዜ ከማኅበራቸው አላስወጡትም፤ ጌታ በስምንተኛው ቀን ሲገለጥም ከእነርሱ ጋር አገኘው። ተባርሮ ቢሆን ኖሮ ያን ምስክርነት ማን ይሰጥ ነበር? ቤተ ክርስቲያናችንም በዳግማይ ትንሣኤ ይህንኑ ታስባለች።

መጠየቅ ለአገራችን ሊቃውንትም እንግዳ አይደለም። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ቃል ከተረጐመ በኋላ «አንድም» እያለ ሌላውን ፍቺ ያመጣል፤ የሚነሣውንም ጥያቄ ራሱ አንሥቶ በሐተታ ይመልሳል። በዲማና በደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤት የዋለ ሰው ያልጠየቀ ደቀ መዝሙር መምህር እንደማይሆን ያውቃል። እንግዲህ በጉባኤ ቤት የተፈቀደው ጥያቄ በቤታችን ስለምን ይከለከላል?

2. ሕገ ልቦና

አባት ለልጁ የሚሰጠው መልስ በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ውስጥ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። ሊቃውንት ሕግን በሦስት ይከፍሉታል፤ ይኸውም ሕገ ልቦና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል ነው። ከአዳም እስከ ሙሴ የነበሩት አበው የተጻፈ ሕግ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን አቤል መልካም መሥዋዕት አቀረበ፤ ዮሴፍም በባዕድ አገር ሳለ የጌታውን ቤት ከማርከስ ተከለከለ። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት፣ በ2ኛው ምዕራፍ፣ የተጻፈ ሕግ የሌላቸው አሕዛብ የሕግ ሥራ በልባቸው እንዳለና ኅሊናቸውም እንደሚመሰክር አስተምሯል።

ስለዚህ አባት እንዲህ ይበለው፤ «ልጄ፣ ያ ሐኪም ደግ መሆኑን አልክድም። ደግነቱ ግን እግዚአብሔር የለም ለማለት ምስክር አይሆንም። በልቡ ውስጥ ያለውን ሕግ የጻፈ ፈጣሪ ነው፤ ጸሐፊውን ባያውቀውም ጽሕፈቱን ያነበዋል። ያም ነጋዴ ጸሐፊውን አውቃለሁ እያለ ጽሕፈቱን ሰርዞታል። ፍርዱ የሚከብደው በነጋዴው ላይ ነው።»

ልጁ ግን አስተዋይ ከሆነ እንደ ገና ይጠይቃል፤ «ሕገ ልቦና ከበቃ ወንጌል ስለምን አስፈለገ?» ይህ ከፊተኛው የሚከብድ ጥያቄ ነው። መልሱም ይህ ነው፤ ኅሊና ብርሃን ቢሆንም ጥቅምና ቂም ይጋርዱታል። ለሚወደንና ለሚጠቅመን መራራት ለማንም አይከብድም። የማይጠቅመንን ሽማግሌ፣ የማይድነውን በሽተኛ፣ ይልቁንም ጠላታችንን እንድናከብር የሚያስገድደን ግን ምንድን ነው? ያላመነ ወንድማችን «ሰው ስለ ሆነ» ይላል፤ መልካም ብሏል። እኛም እስከዚያ ድረስ አብረነው እንሄዳለን። ከዚያም ወዲያ የሰው ክብር በጕልበቱ ወይም በሚሰጠው ጥቅም የማይለካው በአርአያ እግዚአብሔር ስለ ተፈጠረ ነው እንላለን። ወንጌልም ለሚጠሉን እንድንጸልይ ያዝዛል፤ ለዚህም የሚያበቃውን ጸጋ ይሰጣል።

3. ኀይል ልብን አይመልስም

ነገር ግን ይህን መልስ በግድ የምንጭን እንዳይመስለን የአገራችንን ታሪክ እናስታውስ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ፤ የጎጃም ገዥ የነበረው ወንድሙ ራስ ሥዕለ ክርስቶስም ዋና ደጋፊው ነበር። ሕዝቡ በትእዛዝ እንዲከተል በተገደደ ጊዜ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻም ንጉሡ ራሱ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሐተታ ዘዘርአ ያዕቆብ የተባለው መጽሐፍም የሚተርከው የዚያን ዘመን መከራ ነው። ጸሐፊው የ17ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ የ19ኛው መቶ ዓመት ኢጣሊያዊ ካህን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ። የሆነው ሆኖ፣ መጽሐፉ ጥርጥር የሚወለደው ሃይማኖተኞች እርስ በርሳቸው ሲሳደዱ በማየት ጭምር መሆኑን ያሳያል።

ኀይል ክሕደትንም በልብ ሊተክል አልቻለም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የማርክስና የሌኒን ትምህርት በውይይት ክበብ ሁሉ ተሰበከ። የደብረ ኤልያስ ተወላጅ የነበሩት ሁለተኛው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ተገደሉ። ቤተ ክርስቲያን ግን አልተዘጋችም፤ ሕዝቡም ከጾሙና ከጸሎቱ አልተለየም። በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው ተገኝቶ በክብር ዐረፈ። የሱስንዮስ ሰይፍ ሃይማኖትን፣ የደርግ ጥይትም ክሕደትን በልብ ለማጻፍ አልቻሉም።

4. የክርክር ሥርዓት

እንግዲህ ካህናትና ምእመናን ሆይ፣ ከተጠራጣሪ ጋር ስንነጋገር ሦስት ነገር እንጠብቅ። አንደኛ፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው እንስማ፤ የሚጠይቅ ሁሉ ከሐዲ አይደለምና። ሁለተኛ፣ ለእግዚአብሔር ጥብቅና የቆምን መስሎን ሐሰት አንናገር። የኢዮብ ወዳጆች የመከራውን ምክንያት ያወቁ መስለው እግዚአብሔርን ደግፈው ተናገሩ፤ እግዚአብሔር ግን የገሠጸው እነርሱን ነው፤ የጮኸውንና የጠየቀውን ኢዮብን ግን አከበረው። የማናውቀውን «አላውቅም፣ መምህር እንጠይቅ» ማለት ውርደት አይደለም። ሦስተኛና ዋነኛ፣ ሚዛናችንን እናስተካክል። ልጁን ያናወጠው የክሕደት መጽሐፍ ሳይሆን የነጋዴው ሚዛን ነበረ። ያ ነጋዴ የንስሓ ልጃችን ከሆነ፣ እኛስ ምን ብለን መክረነዋል?

አባት ይህን ሁሉ ተናግሮ ልጁ በዚያው ቀን ላይመለስ ይችላል። ቢሆንም የቤቱ በር ክፍት ይሁን፤ ማዕዱም አይለይ። ቶማስ ያገኘው ስምንት ቀን በትዕግሥት የጠበቀው ማኅበር በመኖሩ ነው።

እግዚአብሔር ሃይማኖታችንን በምግባር ያጽናልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።