አረጋዊውን ማን ጠየቃቸው? በመጦሪያ ቤት ስለሚደረግ ምዘናና የእንክብካቤ ዕቅድ

በዚህ ትምህርታችን በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ አረጋውያንን ሁኔታ በኮምፒዩተር መዝግቦ እንክብካቤያቸውን ስለ ማቀድ እንመለከታለን። ነገሩ የባለሙያዎች ብቻ ቢመስልም፣ አረጋውያንን እየዞርን የምንጠይቀውን ሁሉ ይመለከተናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቢስቲማ ወጥተው በሌላ ከተማ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ አንድ አረጋዊ እጠይቅ ነበር። ሙስሊም ናቸው፤ እኔን ግን «አባ» ብለው ነው የሚጠሩኝ። በኮምፒዩተር በተያዘው መዝገባቸው ላይ ለሦስት ሳምንት ያህል «መታጠብ አይፈቅዱም» የሚል ቃል ይመላለስ ነበር። ሠራተኞቹ ያዩትን በታማኝነት መዝግበዋል፤ ምክንያቱን የጠየቀ ግን አልነበረም። አንድ ቀን ለብቻችን ሳለን ጠየቅኋቸው። «አባ፣ የልጅ ልጄን በምታህል ልጅ ፊት እንዴት ብዬ ልራቆት?» አሉኝ። ወንድ አስታማሚ ተመደበላቸው። በመጀመሪያው ቀን ሲያጥባቸው ከወገባቸው በታች ማንም ያላየው የመኝታ ቁስል ተገኘ። እስኪድን ወራት ፈጀ።

እንዲህ ያለውን ጉድለት ለማረም በሰፊው ከሞከሩት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ሕግ፣ ከመንግሥት የጤና መድን ክፍያ የሚቀበሉ መጦሪያ ቤቶች የእያንዳንዱን ነዋሪ ሁኔታ በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዝኑ አዘዘ። ምዘናው ነዋሪው በገባ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ፣ እንዲሁም ሁኔታው በጉልህ ሲለወጥ ይደረጋል። ከ1998 ጀምሮ ቅጹ በኮምፒዩተር ይተላለፋል። መልሶቹ ተገናዝበው፣ መውደቅን፣ የመኝታ ቁስልንና የምግብ ጉድለትን ከሚያጠቃልሉ 20 ዘርፎች መካከል የትኛው ጠለቅ ብሎ መታየት እንዳለበት ይጠቁማሉ። ይህ ጥቆማ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘትና ዕቅዱን ማውጣት የሰዎች ሥራ ሆኖ ይቀራል። (ቅጹ የክፍያውን መጠን ለመወሰንም ስለሚያገለግል፣ ለገንዘብ ሲባል መልስ ማዛባትን ሊጋብዝ እንደሚችል ሳልጠቅስ አላልፍም።)

ለእኔ ትልቁ መሻሻል በ2010 የመጣው ነው። በዚያ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው ቅጽ፣ መናገር የሚችል ነዋሪ ራሱ እንዲጠየቅ ያዛል። እንዴት መታጠብ ይመርጣሉ? የሚተኙበትን ሰዓት ራሳቸው መወሰን ይፈልጋሉ? ሃይማኖታዊ ሥርዓት መካፈልስ ምን ያህል ያስፈልጋቸዋል? እምቢታ በሚመዘገብበት ክፍልም፣ ከነዋሪው ጋር ተነጋግረው ከፍላጎቱና ከእሴቱ ጋር የሚስማማ መሆኑ የታወቀው እንደ እምቢታ አይቆጠርም። የቢስቲማው አረጋዊ ይህን ቢጠየቁ ኖሮ ቁስሉ ቀድሞ በታየ ነበር።

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ መረጃን በታብሌት መመዝገብ ጀምረዋል፤ ይህ ግን የተዘጋጀው በየቤቱ ላለው ቤተሰብ ነው። እንደ መቄዶንያ ባሉ፣ በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በሚረዱበት ማእከል የአስታማሚ ትዝታ ብቻውን አይበቃም፤ መዝገብ የግድ ነው።

ኮምፒዩተር በሌለበት ቤት ተራ ደብተር ይበቃል። ሐኪሙ ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ በ1963 ያወጡት መለኪያ ስድስት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፤ እነርሱም መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ መነሣት፣ ሽንትና ዓይነ ምድርን መቆጣጠር፣ መመገብ ናቸው። በየአንዳንዱ አጠገብ «በራሳቸው» ወይም «በሰው እርዳታ» ተብሎ ከነቀኑ ይጻፍ። በጥር በራሳቸው ይበሉ የነበሩ እናት በሚያዝያ ጉርሻ ካስፈለጋቸው፣ ደብተሩ ያንን ለውጥ ያሳያል፤ ምክንያቱም ሳይውል ሳያድር ይፈለጋል። በሰባተኛው መስመር ላይ አረጋዊው የተናገሩት ቃል እንዳለ ይስፈር።

የአልጋ ቁራኛ የሆኑት ሰዎች ተረከዛቸው፣ ዳሌያቸውና የጀርባቸው መጨረሻ በየቀኑ ይታይ። መጻሕፍት መቅላትን ፈልጉ ይላሉ፤ በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ግን መቅላት በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ በእጅ ዳስሶ ከሌላው ገላ ይልቅ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የሚያም ስፍራ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከተገኘም ነርስ ይጠራ።

ደብተሩ የአረጋዊውን ገመና የያዘ ስለሆነ በኃላፊው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በጠያቂ ፊትም አይነበብ። ከቁምስናችን ለጥየቃ የሚሄዱ ወጣቶችም ገጹን በስልካቸው ፎቶግራፍ እንዳያነሡ አስቀድሞ ይነገራቸው።