ማሳሰቢያ ለጀማሪ አሽከርካሪዎችና ቁልፍ ለሚያቀብሏቸው

ከአደጋ በኋላ በየፖሊስ ጣቢያው የሚደጋገሙ ሁለት ንግግሮች አሉ። ባለመኪናው «እኔ አልነዳሁ፣ ምን አገባኝ?» ይላል። ጀማሪው ደግሞ «ገና ለማጅ ነኝ» ይላል። ሁለቱም ብዙ አያራምዱም። የወንጀሉ ጉዳይ መሪ የጨበጠውን ሰው ይከተላል፤ የካሳው ጉዳይ ግን መኪናዋን ተከትሎ ባለቤቷ ደጅ ይደርሳል። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ቁልፍ የሚሰጡም የሚቀበሉም ብዙ ናቸው።

ቁልፍ በይሉኝታ አይስጡ። የእህትዎ ልጅ መንጃ ፈቃድ ባወጣ በሳምንቱ «አንድ ዙር ልዙርባት» ሲል እምቢ ማለት እንደሚከብድ የታወቀ ነው። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 ባለመኪናውን የሚጠይቀው ጥፋት ስላለበት አይደለም፤ ባለቤት በመሆኑ ብቻ ነው። የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ይከፍላል። ማምለጫው ጠባብ ነው፤ መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ወይም አደጋው ሙሉ በሙሉ በተጎጂው ጥፋት እንደደረሰ ማስረዳት ይኖርብዎታል። በገዛ እጅዎ ቁልፍ ያቀበሉትን ሰው ደግሞ ሌባ ነው ብለው አይከሱትም። ላቫጆ ላይ «ጠጋ አድርጋት» ብለው ቁልፍ የሚወረውሩለትን ልጅም እዚሁ ላይ ያስቡት፤ መንጃ ፈቃድ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው ባለመኪና ስንቱ ነው?

«ግቢ ውስጥ ብቻ ነው» ብለው ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ መሪ አያስጨብጡ። አባት ከጎን ተቀምጦ «ቀስ በል፣ ፍሪሲዮን ልቀቅ» ይላል። ልጁ ይደነግጣል፣ እግሩ ፍሬን ሲፈልግ ነዳጁን ይረግጣል፣ መኪናው የቆርቆሮውን በር ይዞ ይወጣል። ከበሩ ውጭ ደግሞ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ተቀምጣለች። ከግቢ እስከ መንገድ ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ለሚያደርሰው ጉዳት አባት ኃላፊ እንደሚሆን ያው ሕግ በቁጥር 2124 ደንግጓል። መኪናዋ የጎረቤት ብትሆንም አባትነቱ አይቀርም።

«ለማጅ» የሚለውን ጽሑፍ ይለጥፉ፣ ግን አይመኩበት። ሌላው ርቀት እንዲጠብቅ ይረዳል (ምንም እንኳ ጽሑፉን ሲያይ ክላክሱን የሚያበዛው ባይጠፋም)። ከተጠያቂነት ግን አያድንም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲደነግግ፣ አሽከርካሪን ከሐኪም ጎን አሰልፎ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ልዩ ግዴታ ካለባቸው ውስጥ ቆጥሮታል። ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ አሽከርካሪው ግልጽ የሆነ ደንብ እያወቀ ጥሶ ከሆነ ወይም ጠጥቶ ከነበረ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። ያለ መንጃ ፈቃድ የነዳ ሰው ዐቃቤ ሕግ ከየትኛው እንደሚጀምር መገመት አያቅተውም።

የሦስተኛ ወገን መድን መግባት በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ይህ መድን ለተጎጂው እንጂ ለእርስዎ መኪና ጥገና አይደለም፤ ለተጎጂውም ቢሆን ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ ያለው ከኪስዎ ይወጣል። ሙሉ መድን ያላችሁም ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ፤ ነጂው ለዚያ ዓይነት መኪና የሚያበቃ መንጃ ፈቃድ ከሌለው ኩባንያው የራሳችሁን ኪሳራ አይከፍልም የሚል አንቀጽ በብዙዎቹ ላይ አለ።

አደጋ ከደረሰ ይቁሙ። ጀማሪ ሲደነግጥ መሸሽ ይቀናዋል። የተጎዳ ሰው ካለ አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጥሩ። ራሱ የጎዳውን ሰው ሳይረዳ ጥሎ የሄደ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 575 ለብቻው ይጠየቃል፤ ቅጣቱም መንገድ ላይ አይቶ ካለፈ ሰው ይከብዳል። ትራፊክ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳም መኪናውን ከቦታው አያንቀሳቅሱ።

«የነዳሁት እኔ ነኝ» ብለው በሌላ ሰው ቦታ አይቁሙ። አባት ለልጁ፣ ቅጥር ሹፌርም ለአሠሪው ልጅ ሲል ይህን ማድረጉ አዲስ ነገር አይደለም። ትራፊኩ በሩን ሲከፍት የሹፌሩ ወንበር ለአጭር ልጅ እግር ወደ መሪው ተስቦ ያገኘዋል፤ ነጂ ነኝ ያለው አባት ግን ጉልበቱን እንኳ አስገብቶ አይቀመጥበትም። ከዚያ በኋላ ተጠርጣሪው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ በአደጋው፣ ሌላው ፖሊስን በማሳሳት።

ሁለት መኪና ተጋጭቶ ማን እንዳጠፋ ካልታወቀ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለቱን እኩል አጥፊ አድርጎ ኪሳራውን ለሁለት ይከፍላል (ቁጥር 2084)። ስለዚህ የዓይን ምስክር ስልክ መያዝ፣ ፎቶ ማንሳት አይርሱ። «ጀማሪ ስለሆነ ጥፋቱ የሱ ነው» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሽምግልናን በተመለከተ፦ ሰው ሲሞት ሽማግሌ መላክ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ቤተሰቡን መካስ መልካም ነው፤ ፍርድ ቤትም ቅጣት ሲያቀል ሊያየው ይችላል። ነገር ግን ዕርቁ የወንጀል ክሱን አያስቆምም፤ ክሱ የመንግሥት ነው። የተቀበላችሁትንም የከፈላችሁትንም ገንዘብ በጽሑፍ አስፍሩ፤ በቃል ብቻ የተከፈለ ካሳ በኋላ ፍርድ ቤት ውስጥ ለማስረዳት ይከብዳል።

ተጎጂዎችም አትዘግዩ። የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143)። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረዥሙ ይሠራል። የሕክምና ደረሰኝና የትራፊክ ሪፖርት ግልባጭ ከወዲሁ አሰባስቡ። ገጭቶ ያመለጠው መኪና ባይታወቅም መብታችሁ አያከትምም፤ ጉዳዩን እንዲህ ያሉ ተጎጂዎችን ወደሚክሰው የመድን ፈንድ ውሰዱ።