ጅራታቸው የሚለያቸው ቃላት

በአማርኛ “ሆደ ሰፊ” የተባለ ሰው ይኮራል፤ “ሆዳም” የተባለ ይቆጣል። ሁለቱም ከሆድ የወጡ ናቸው። አማርኛን ገና የሚማር እንግዳ አንዱን በሌላው ቦታ ቢያስገባ አይፈረድበትም። የእንግሊዝኛ የአራዳ ቋንቋም እኛን የሚፈትነን እዚሁ ላይ ነው፤ ግሱ ያው ሆኖ ከኋላው የምትከተለው ትንሽ ቃል ፍቺውን ትገለብጠዋለች።

“ሃንግ”ን እንይ። “ሃንግ አውት” ከጓደኛ ጋር መጫወት፣ “ሃንግ አፕ” ስልክ መዝጋት፣ “ሃንግ ኦን” ትንሽ ታገሥ፣ “ሃንግ ኢን ዜር” ደግሞ አይዞህ በርታ ማለት ነው። የባንክ ሠራተኛ በስልክ “ሃንግ ኦን” ስትለው “ዝጋው” ያለችው የመሰለው ሰው ወረፋውን እንደገና ይጀምራል።

“ፓስ” ግን ከነፍስ ጋር የተያያዘ ነው። “ፓስ አውት” ራስን መሳት፣ “ፓስ አዌይ” መሞት። አሜሪካ ውስጥ አባቱ ድንገት የወደቁበት ሰው ደንግጦ 911 ሲደውል ሁለቱን ቢያምታታ፣ ስልኩን ያነሣው ሰው ነገሩን ለማጣራት ጊዜ ይፈጅበታል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ እያንዳንዷ ደቂቃ ውድ ናት። ስለዚህ ያን ጊዜ የአራዳ ቃል ይቅር። አድራሻችሁን አስቀድሙ፤ ከዚያ “ሂ ኢዝ ኖት ዌኪንግ አፕ” በሉ፤ አልነቃ አለ ማለት ነው። መተንፈስና አለመተንፈሱን ጨምሩ። ቋንቋው ከጠፋባችሁ “አምሃሪክ” ብላችሁ ተናገሩ፤ በብዙ ቦታ አስተርጓሚ በስልክ ያስገቡላችኋል። ይህን አንቀጽ ለእናትና ለአባታችሁም አንብቡላቸው።

በሥራ ቦታ ተዘውትሮ የሚሰማው “ኮል” ነው። “ኮል ኢን ሲክ” ታምሜአለሁና አልገባም ብሎ መደወል ነው፤ በምሥራቃዊ አሜሪካ ብዙዎች ለዚሁ “ኮል አውት” ይላሉ። ሰውን “ኮል አውት” ማድረግ ግን ጥፋቱን በአደባባይ ማውጣት ነው። “ኮል ኦፍ” ቀጠሮን ወይም ሠርግን መሰረዝ ነው። “ፋየርድ” ከሥራ መባረር ሲሆን “ፋየርድ አፕ” በወኔ መነሣሣት ነው፤ አለቃ ጠዋት ይህን ቢላችሁ አትደንግጡ። ወጣቶች ደግሞ ግሩም ለሆነ ነገር “ፋየር” ወይም “ሲክ” ይላሉ።

ሌላው ችግር እንግሊዝኛው ራሱ ሁለት አገር መሆኑ ነው። “ፓንትስ” ለንደን ውስጥ እንደኛው ፓንት የውስጥ ልብስ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሱሪ ነው፤ ሱሪያችሁን ያደነቀ አሜሪካዊ አልባለገም። “ረበር” ለእንግሊዛዊ ላጲስ፣ ለአሜሪካዊ ኮንዶም ነው፤ ክፍል ውስጥ ላጲስ ለመዋስ እጁን ለሚያወጣ ተማሪ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። “ፒስድ” ለእንግሊዛዊ የሰከረ፣ ለአሜሪካዊ የተናደደ ነው፤ በሁለቱም አገር ነውርነት ስላለው እናንተ ባትሉት ይሻላል። ትርዒት “ቦምብድ” ከተባለ ወድቋል፤ እንግሊዞች “ላይክ ኤ ቦምብ ሄደ” ካሉ ግን ሰምሯል። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቃሉን በየትኛውም ፍቺ አትጥሩት።

አንድን ቃል ከአንድ ፍቺ ጋር ደርድሮ መሸምደድ ለእንዲህ ያሉ ቃላት አይበጅም ብዬ አምናለሁ። ደብተራችሁ ላይ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ማን ለማን እንዳለው፣ ሲናገርም ስቆ ይሁን ተቆጥቶ፣ አብሮ ይመዝገብ።

የቀረው የአናባቢ ጉዳይ ነው። አማርኛ ፍቺን የሚለየው ተነባቢን በማጥበቅና በማላላት ነው፤ “አለ” ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። አናባቢን ግን ለፍቺ አናስረዝምም። ስለዚህ የባሕር ዳርቻውንም ሴት የምትሰደብበትንም ቃል “ቢች” ብለን እንጽፋለን፤ አንሶላውንም የብልግናውንም ቃል “ሺት”። ለዳርቻውና ለአንሶላው ከንፈርን እንደ ፈገግታ ወደ ጎን ዘርግታችሁ “ኢ”ን ሳቡት፤ የስድቦቹ አናባቢ አጭር ነው፤ ወደ “እ” ይጠጋል። ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፉ እህቶችና ወንድሞች የአንሶላውን ቃል በቀን ደጋግማችሁ ስለምትጠሩት፣ ምላሳችሁ እስኪለምደው ድረስ “ሊነን” በሉ። የሆቴል ሰው ሁሉ የአንሶላና የትራስ ልብስ እንደጠየቃችሁ ወዲያው ይገባዋል።