ምሥጢራችንን ለማን እንንገር? ለማሽን ወይስ ለአማካሪ?

መግቢያ

እንደሚታወቀው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። ይሁን እንጂ ጥርሱን ሲያመው ጤና ጣቢያ ለመሄድ የማያፍር ሰው፣ ሲጨንቀውና እንቅልፍ ሲያጣ "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ዝም ይላል። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተለቀቀበት ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን ብዙ ወጣቶች ዝም ከማለት ይልቅ ማታ ስልካቸውን ከፍተው ጭንቀታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም በተለምዶ ኤአይ ለምንለው ማሽን መጻፍ ጀምረዋል። ውድ አንባቢያን፣ በዚህች አጭር ጽሑፌ የማነሳው ጥያቄ "ማን የተሻለ መልስ ይሰጣል?" የሚል አይደለም። ጥያቄዬ "ሰው ማንን ያምናል? ያመነውስ ነገር ይችለዋል ወይ?" የሚል ነው።

ማሽንን ማመን ዛሬ አልተጀመረም

እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባሉ የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ምሁር "ኤሊዛ" የተባለች የኮምፒውተር ፕሮግራም ይፋ አደረጉ። ኤሊዛ የሚገባት ነገር አልነበረም። የተጻፈላትን ዓረፍተ ነገር ገልብጣ በጥያቄ መልክ ትመልሳለች፤ "እናቴ ትቆጣኛለች" ካሏት "እስቲ ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ" እንደማለት ነው። ታዲያ ፕሮግራሙ ሲሠራ ስትከታተል የነበረችው የምሁሩ ጸሐፊ እንኳ ጥቂት ከተጻጻፈች በኋላ "እባክዎ ከክፍሉ ይውጡልኝ" አለቻቸው። እሳቸውም በዚህ ደንግጠው በኋላ ላይ ስለ ጉዳዩ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ከዚህ የምንረዳው ሰው ሚስጥሩን የሚያወጣው ብልህ አድማጭ ስላገኘ ብቻ ሳይሆን የማይፈርድበት ስላገኘም መሆኑን ነው።

መልስ ማማርና መታመን ይለያያሉ

እ.ኤ.አ. በ2025 ፕሎስ ሜንታል ኸልዝ በተባለ መጽሔት የወጣ ጥናት ለ830 ሰዎች የባለሙያና የቻትጂፒቲ ምክሮችን አቅርቦ ነበር። ተሳታፊዎቹ የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ተቸግረዋል፤ ለማሽኑ ምክር የሰጡት ነጥብም በአብዛኛው የበለጠ ነበር።

ነገር ግን ሌላ ገጽታም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ኮኮ የተባለው የስሜት ድጋፍ አገልግሎት መሥራች፣ ወደ 4,000 ለሚሆኑ ሰዎች በኤአይ እገዛ የተጻፉ መልእክቶች መላካቸውን ገለጹ። ሰዎቹ መልእክቶቹን ወደዋቸው ነበር። ማሽን እንዳለበት ሲያውቁ ግን እንዳልሠራ መሥራቹ ራሳቸው ተናገሩ። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ከቃሉ ጀርባ ያለው ነው። "አይዞህ" የሚለው ቃል ክብደት የሚኖረው ተናጋሪው አብሮ ሲጨነቅ ነው ማለት ነው።

በእኛ ሰፈር ሲታይ

እኔ የምኖረው የካ ክፍለ ከተማ ነው። እዚሁ አጠገባችን የካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ። ሆስፒታሉ በ2012 ዓ.ም. ለኮቪድ ሕሙማን በማገልገሉ ይታወቃል፤ የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። ታዲያ ቅርብ ሆኖ ሳለ ለምን አይኬድም? ያነጋገርኳቸው ጓደኞቼ መልስ ተመሳሳይ ነው። "ወረፋ ላይ ጎረቤት ቢያየኝስ?" "ለየለት ቢሉኝስ?" ይላሉ። የግል አማካሪ ዘንድ ለመሄድ ደግሞ የተማሪ ኪስ አይችልም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የአንዲት ጓደኛዬ ታሪክ ነው። ሁለተኛ ደረጃ እያለች የቤቷን ችግር ለአንድ የትምህርት ቤት አማካሪ ነግራ፣ በሳምንቱ ወሬው መምህራን ክፍል ደርሶ ቆያት። ዛሬ ሲጨንቃት የምትጽፈው ለማሽን ነው። ለምን ብዬ ስጠይቃት "ማሽን ቢያንስ ቡና አይጠራራም" አለችኝ። ይህን ሰምቶ "ቴክኖሎጂ ሱስ ሆኖባት ነው" ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ወደ ማሽኑ የገፋት ሰው ነው።

ከእንጦጦ የምንማረው

ስለ አመኔታ ለመማር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከየካ ቀና ብሎ የእንጦጦን ጋራ ማየት ይበቃል። ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ከየአገሩ ሕሙማን ይመጣሉ። ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በሚጨርስበት ዘመን በዚያ ተጠልለው ከነበሩት መካከል ጸበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ መውሰድ አይቻልም ብለው መድኃኒት የተዉ ነበሩ። ሐኪም ብቻውን "መድኃኒታችሁን ውሰዱ" ቢላቸው አይሰሙም፤ የሚያምኑት ሌላ ነውና። በ1999 ዓ.ም. ግን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለሕሙማኑ ሐኪም ሊያስተላልፈው ያልቻለው ነገር፣ በሚያምኑት ሰው አፍ ደረሳቸው። በእኔ አመለካከት ትምህርቱ ይህ ነው፤ ሰውን ካመነበት ነገር ነጥቆ ማስጣል አይቻልም፣ ካመነበት ተነስቶ ወደሚረዳው ማድረስ ግን ይቻላል።

ማሽኑ የማይችለው

አንደኛ ቋንቋ ነው። አማርኛችን ጭንቀትን በሆድ ይናገራል። "ሆድ ባሰኝ"፣ "ሆዴን ባር ባር አለኝ" እንላለን። አንድ ቀን "ሆዴን ባር ባር ይለኛል" ብዬ ለአንዱ ፕሮግራም ብጽፍለት ስለ ምግብ መፈጨት መከረኝ። እናቴ ብትሆን "ምን ሆነሃል ልጄ?" ነበር የምትለው።

ሁለተኛ ምሥጢር ነው። የነፍስ አባት በሃይማኖቱ፣ አማካሪ በሙያ ሥነ ምግባሩ ይታሰራል። ለማሽን የጻፍነው ግን በአብዛኛው ባሕር ማዶ ባለ የኩባንያ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጣል። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ ሆኖም በሌሊት ያስገባነውን ቃል ከዚያ ማስመለስ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛውና ዋናው ተከታትሎ መጠየቅ ነው። አማካሪ ስትቀሩበት ይደውላል፤ አደጋ ሲያይ እጃችሁን ይዞ ሐኪም ቤት ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 በካሊፎርኒያ ወላጆች ከ16 ዓመት ልጃቸው ሞት ጋር በተያያዘ የቻትጂፒቲን አምራች ከሰዋል። ልጁ ለወራት ችግሩን ለማሽኑ ይነግር ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ ደግሞ ለምክር ተብሎ የተሠራው "ዎቦት" መተግበሪያ ተዘጋ። ሰው የተደገፈበት ነገር በኩባንያ ውሳኔ ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በመነሳት የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

1. ለማሽን መጻፍ መነሻ ይሁን እንጂ መድረሻ አይሁን። ቃል ላጣንለት ጭንቀት ቃል ካገኘንለት፣ ያንኑ ጽሑፍ ይዘን ወደ ሰው እንሂድ። ስንጽፍም የራሳችንንም የሌላውንም ስም አናስገባ።

2. ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ለምናምነው ሰው መንገርና ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ይህ ለስልክ የሚተው አይደለም።

3. በየኮሌጁ ያለ የምክር ክፍል በሩ ሁሉም በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ባይሆን፣ "የነገራችሁን ለማንም አናወራም" የሚል ቃልም በጽሑፍ ቢለጠፍ፣ ቃሉን ያፈረሰም ቢጠየቅ መልካም ነው።

4. እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ በምንጽፈው ዜና "እብድ" የሚለውን ቃል እንተው። የነገሩንን ሰዎች ምሥጢር መጠበቅም ከዛሬው እንልመድ። ጓደኛዬ ዳግመኛ ሰው የምታምነው ማሽኑ ስለከፋባት ሳይሆን እኛ ስለታመንን እንዲሆን እመኛለሁ።