ሰማያዊዋ ጥጃ

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖታል። የጥጃና የጫጩት ሥዕል ስሰጠው ከመስመር እያስወጣ ወረቀቱን ሁሉ ይሞነጫጭረዋል፤ ጥጃዋንም ሰማያዊ ይቀባታል። የጎረቤት ልጅ ግን አስተካክሎ ነው የሚቀባው። ችግር ይኖርበት ይሆን?
እናት፣ ከጉደር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የልጅዎ ሥራ የዕድሜው ነው። በዚህ ዕድሜ እጅን ይበልጡን የሚያዝዘው ትከሻና ክንድ ነው፤ የጣት ጡንቻዎች ቀስ በቀስ ይጠነክራሉ። ብዙ ልጆች በ3 ዓመት አካባቢ ክብ፣ በ4 ዓመት አካባቢ መስቀል አስመስለው ይሥላሉ። መስመር ጠብቆ መቀባት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ሰማያዊዋ ጥጃ ደግሞ ማንንም አልጎዳችም።

ይልቅ ሥዕሉን ይመልከቱት። ዝርዝር የበዛበት ከሆነ ትተውት፣ ገጹን የሚሞላ አንድ ጫጩት በወፍራም መስመር ይሣሉለት። ክራዮኑን ለሁለት ይስበሩት፤ አጭሩ በጡጫ ለመጨበጥ ስለማይመች ልጁ ጣቶቹን ይጠቀማል። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ጠርዙን በፕላስተር ይለጥፉት። ሲሰለቸው ይተዉት።

የታተመ የሥዕል መቀቢያ መጽሐፍ ፍለጋም አይድከሙ። እንደ ጉደር ባሉ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ግልገልም ውርንጭላም ከደጅ አይታጣም። ውርንጭላ ካገኛችሁ እግሩን ከእናቱ እግር ጋር አስተያዩት፤ ሰውነቱ ትንሽ ሆኖ እግሩ ግን ሊደርስባት ምንም አልቀረውም። ልጅ እንዲህ ያለውን ካየ በኋላ ሲሥል ደስ ይለዋል። የእንስሳውንም ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ይንገሩት።

4 ዓመት አልፎት ክብ መሣል ካቃተው፣ አንድ እጁን ጨርሶ ካልተጠቀመ ወይም ወረቀቱን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ካየ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ካስፈለገ ጤና ጣቢያው ወደ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ሊልከው ይችላል። ቀድሞ ይችለው የነበረውን ካቆመ ግን ሳይዘገዩ ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩት።