ባትማንን ለደንበኛ መቀባት

ለመደርደሪያ ጌጥ የሚሠራ ምስልና ለጨዋታ የሚሠራ ምስል አንድ አይደሉም። የመደርደሪያው ከቦታው የሚነሳው አቧራ ሲጠረግለት ብቻ ነው። የጨዋታው ግን ምሽቱን ሙሉ ጭንቅላቱን እየተያዘ ይነሳል፣ ይጣላል፣ ይወድቃል፣ ከሌሎች ጋር በሣጥን ተጭኖ ይሄዳል። ተጫዋቹም የሚያየው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ነው። የኮሚክ ጀግኖችን እየገጠመና እየቀባ ገቢ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ውሳኔውን ሁሉ ከሚይዘው እጅና ከሚታየው ርቀት ቢያስነሳ ብዙ ከንቱ ድካም ይቀርለታል።

ምሳሌ የማደርገው ናይት ሞዴልስ የተባለው የስፔን ኩባንያ ለባትማን ጨዋታው ያወጣቸውን የሬዚን ምስሎች ነው። 35 ሚሊሜትር በሚባለው መጠን የሚሠሩ ስለሆኑ ጣቱም የጭንብሉም ጆሮ ቀጭን ነው። ሣጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጣራው ምስሉ ከምን እንደተሠራ ነው። ለምሳሌ በ2019 የወጣው «ማርቭል ክራይሲስ ፕሮቶኮል» ምስሎች ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው። የፕላስቲክ ሙጫ ሁለቱን ጠርዞች አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል። ያው ሙጫ ሬዚን ላይ ምንም አይፈይድም፤ ሬዚንን የሚይዘው ሱፐር ግሉ ነው። ደንበኛ ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ከረጢት ቢያመጣላችሁ ከመጀመሪያው ለይታችሁ አስቀምጡ።

ሬዚን በፈሳሽነቱ የሲሊኮን ፎርማ ውስጥ ፈስሶ ነው የሚጠነክረው። የግንባታ ሠራተኛ ኮንክሪቱ እንዳይጣበቅበት ካሳፎርማውን ዘይት እንደሚቀባው ሁሉ፣ እዚህም ምስሉ ከፎርማው በቀላሉ እንዲላቀቅ ቅባት ይደረጋል። ቅባቱ ለዓይን አይታይም፤ ነገር ግን ሙጫውንም ቀለሙንም አያስይዝም። ከሁለት ወር በኋላ ቀለሙ ከባትማን ትከሻ ላይ በጣት ተፍቆ ሲነሳ ደንበኛው የሚወቅሰው ቀቢውን ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃሉ። እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ በደንብ ይድረቅ። ትንንሾቹ ክፍሎች በቧንቧው ቀዳዳ እንዳይሄዱ ወንፊት ላይ አድርጉ።

በቤት ማተሚያ የታተመ ምስል ይዞ የሚመጣ ደንበኛም አለ። ያ ሬዚን ሌላ ዓይነት ነው፤ የሚጠነክረው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። ስትነኩት የሚያጣብቅ ከሆነ አልጠነከረም። ያልጠነከረ ሬዚን ቆዳን ያስቆጣል፤ በተደጋጋሚ ለሚነካውም ከዚያ በኋላ የማይለቅ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። የናይትሪል ጓንት ሳታደርጉ አትንኩት። እኔ ብሆን «አጥበህና አጠንክረህ አምጣው» ብዬ እመልሰዋለሁ፤ ያንን መጨረስ የአታሚው ድርሻ ነው።

ቀጭን ነገር ብዙ ጊዜ ጎብጦ ይመጣል፤ የካባ ጫፍ፣ ዘንግ፣ የጠመንጃ አፈሙዝ። በኃይል ካቃናችሁት ይሰበራል። በጣም የሞቀ፣ ግን ያልፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ንከሩት፤ ሲለሰልስ በጣት አቃኑና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገቡት። እንደተቃና ይቀራል። የፎርማው ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር ደግሞ በምላጭ ጀርባ ተፍቆ፣ በትንሽ ሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። የሬዚን ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለምና ብርጭቆ ወረቀቱን አርጥቡ፣ ማስክ አድርጉ፣ ምግብ የሚበላበት ጠረጴዛ ላይ አትሥሩ። የኮሚክ ጀግና ልብስ ከሰውነት ጋር የተጣበቀና ልሙጥ ስለሆነ የቀረች መስመር ትጋለጣለች፤ ጦር ልብስ የለበሰ ወታደር ላይ የምትደበቀዋ መስመር ሱፐርማን ደረት ላይ አትደበቅም።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው መገጣጠሚያው ነው። ሱፐር ግሉ ሲጎተት ይችላል፤ በጎን ሲመታ ግን ድንገት ይለቃል፤ የጨዋታ ምስል ደግሞ ሁልጊዜ የሚመታው በጎኑ ነው። ስለዚህ ክንድ፣ ካባና ቁርጭምጭሚት በሽቦ ይያዙ። በእጅ በሚዞር ትንሽ መሰርሰሪያ፣ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊሜትር በሆነ መርፌ፣ አንደኛውን ክፍል ሰርስሩ። ቀዳዳው አፍ ላይ የቀለም ነጥብ አድርጋችሁ ሁለተኛውን ክፍል ስታስጠጉበት ነጥቡ እዚያም ያርፋል፤ ትክክለኛው ቦታ እሱ ነው። ከወረቀት አግራፍ የተቆረጠ ሽቦ አስገቡና በጥቂት ሙጫ አጋጥሙ። ጥቂት ስል በስቴኪኒ ጫፍ የሚነሳ ያህል ነው፤ ሱፐር ግሉ ሲበዛ አይጠነክርም፣ ይዘገያል እንጂ። ጭሱም በዙሪያው ነጭ ጭጋግ ይጥላል። በአንድ እግር ቆሞ የሚዘል ጀግና ካለ ሽቦው ከእግሩ ወደ መቆሚያው ውስጥ ይውረድ፤ ሙጫ ብቻውን ያንን ክብደት አይሸከምም። ክፍተት የቀረ እንደሆነ በባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ስቱኮ ይሞላል። ስቱኮው ጣት ላይ እንዳይጣበቅ ውሃ ንኩ።

ሁሉንም ገጥሞ መቀባት ስህተት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ካባው ጀርባውን የሚሸፍን ከሆነ ካባውን ለብቻው፣ ሰውየውን ለብቻው ቀብታችሁ በመጨረሻ አጣብቁ። የሚጣበቀው ፊት ግን ቀለም አይንካው፤ ሙጫው ቀለሙን ከያዘ ቀለሙ ከነካባው ይነሳል።

ቀለም ከመክፈታችሁ በፊት ደንበኛውን «የትኛው ባትማን?» ብላችሁ ጠይቁ። በ1939 የወጣው ግራጫ ልብስ የለበሰ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው ቢጫ ሞላላ የመጣው በ1964 ነው፤ በ1989 ፊልም ላይ ደግሞ ልብሱ ጥቁር ሆነ። የእነዚህ ጀግኖች አፍቃሪ የአንድ ቀበቶ ቀለም ስህተት ከሩቅ ያያል። ሥዕሉን በስልክ ይላክላችሁ፤ ያ ሥዕል ውላችሁ ነው።

የመጀመሪያው የስፕሬይ ቅብ ግራጫ ይሁን። ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቃችሁ፣ በቀጭኑ፣ አየር ባለበት ቦታ ንፉ፤ እርጥበት ያለው ቀን ሲሆን ተዉት። ከዚያ ከላይ ብቻ ነጭ ብትነፉበት ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ያሳያችኋል።

ጥቁር ካባን በንጹህ ጥቁር አትቀቡ። አንድ ክንድ ርቆ ሲታይ እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋና ጥላሸት ይመስላል። በጣም የጠቆረ ሰማያዊ ግራጫ መሠረት አድርጉ፣ እጥፋቱ ውስጥ ጥቁሩን አስገቡ፣ ጫፎቹን በፈዛዛ ሰማያዊ ግራጫ አብሩ። ይህ የቀቢ ብልሃት ብቻ አይደለም፤ በድሮው የኮሚክ ኅትመት ጥቁር ነገር ላይ ብርሃን የሚታየው በሰማያዊ ነበር። የሱፐርማን ጥቁር ፀጉር ሰማያዊ የሚያበራው ለዚህ ነው። ቀይ ደግሞ ጥቁር ላይ ሲቀባ ይሞታል፤ ከሥሩ ሮዝ ወይም ፈዛዛ ቡናማ ይፈልጋል። ቢጫ ሽፋኑ ደካማ ስለሆነ በነጭ ወይም በገለባ ቀለም ላይ፣ ውሃ በነካው ቀጭን ቅብ ደጋግሙት። ጥላ የሚሰጠውን ቀጭን ፈሳሽ ሰፊ ካባ ላይ እንዳለ አታፍስሱ፤ ሲደርቅ ክብ ክብ እድፍ ይተዋል። በቀጭን ብሩሽ ስንጥቁ ውስጥ ብቻ አስገቡት።

አርማውን ለመሳል እጃችሁ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ አትፍሩ። ቢጫውን ሞላላ ቀቡ፣ ሌሊት ወፏን በጥቁር ከሚገባው ትንሽ አተልቃችሁ ሳሉ፣ ከዚያ ጠርዟን በቢጫ እየቀነሳችሁ አስተካክሉ። ማረም ከመሳል ይቀላል። ዓይኑ ነጭ ስንጥቅ ብቻ ስለሆነ ባትማን ለጀማሪ ቸር ነው፤ ጆከር ግን ዓይንና ጥርስ ስላለው ዋጋው ይለያል።

ቫርኒሽ የግድ ነው። መጀመሪያ አንጸባራቂው ይቀባ፤ የሚጠነክረው እሱ ነው። ከላዩ የማያበራው ማት ይሁን፤ ጥሩ መልኩን የሚመልሰው ይሄኛው ነው።

ዋጋ ስትተምኑ የብሩሹን ሰዓት ብቻ አትቁጠሩ፤ ማጠቡ፣ መሞረዱና ሽቦ ማስገባቱ ብዙ ጊዜ ከቅቡ አያንስም። ተገጥሞ የመጣና ሳይገጠም የመጣ ምስል አንድ ዋጋ ሊኖራቸው አይችልም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቀብድ ተቀበሉ፤ የመጣውን ክፍል ሁሉ በደንበኛው ፊት ፎቶ አንሱ፤ የጎደለ ጣት ካለ ያኔ ይታይ። አንድ ምስል ገዝቶ በፎርማ አባዝቶ እንዲቀባለት የሚጠይቅ ቢመጣ ግን አትቀበሉ፤ የባለመብቱን ሥራ መስረቅ ነው። የቀላቀላችሁትን ቀለም ስምና መጠን ጽፋችሁ ያዙ፤ ያው ደንበኛ ከዓመት በኋላ ሮቢንን ይዞ መጥቶ ከባትማኑ ጎን የሚቆም ይፈልጋል።