ኳዛር የከዋክብትን ልደት ያጠፋል ወይስ ያቀጣጥላል?



በኅዳር ወር ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ የባሕር ዳርን መብራት ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ከጣና ዳር ወደ ሰሜን ቀና በሉ። ከሐይቁ በላይ ከፍ ብሎ ደብዘዝ ያለ የጉም ጠብታ የሚመስል ነገር ይታያል። አንድሮሜዳ የምትባለው ጋላክሲ ናት። ዐብዱራሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ገደማ ባዘጋጀው የከዋክብት መጽሐፍ ውስጥ እንደ ትንሽ ደመና አድርጎ መዝግቧታል።

ኳዛር እንዲህ በዓይን አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1963 ማርተን ሽሚት 3ሲ 273 የተባለችውን “ኮከብ” ሲመረምር ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቃ አገኛት። በዚያ ርቀት እንዲህ የምታበራ ኮከብ ልትሆን አትችልም፤ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት ናት። እምብርቱ ላይ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አለ። ጋዝ እየተሽከረከረ ወደ እሱ ሲወድቅ በጣም ይግላል፤ ብርሃኑም የጋላክሲውን ከዋክብት በሙሉ ያስንቃል።

ክርክሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ኮከብም የሚወለደው ከጋዝ ነው፤ ያውም ከቀዝቃዛ ጋዝ። ኳዛሩ የሚረጨው ሙቀትና ነፋስ ጋዙን ካሞቀው ወይም ከጋላክሲው ካባረረው አዲስ ኮከብ አይወለድም። ብዙ መጻሕፍት የሚነግሩን ይህንኑ ብቻ ነው። ግን የአንጥረኛን ወናፍ አስቡ፦ በልኩ ሲነፋ ፍሙን ያቀጣጥላል፣ ከልክ ሲያልፍ ይበትነዋል። የእምብርቱ ነፋስም ጋዙን ጨምቆ ከዋክብት እንዲወለዱ ሊያደርግ ይችላል።

ጥያቄው ሀገራችንንም ነክቷል። በኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ትሠራ የነበረችው ሚርያና ፖቪች፣ ከሩዋንዳዊው አንትዋን ማሆሮና ከፌኔያስ ንኩንዳባኩራ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ጥናት አሳትማለች። የተመለከቱት “አረንጓዴ ሸለቆ” የሚባሉትን፣ ከዋክብት በብዛት ከሚወልዱት ወደማይወልዱት በመሸጋገር ላይ ያሉ ጋላክሲዎችን ነው። እምብርታቸው የነቃ ጋላክሲዎች (ከኳዛር ለዘብ ያሉ ዘመዶቹ ናቸው) እምብርታቸው ካልነቃው ይልቅ ብዙ ኮከብ ሲወልዱ ተገኙ። የመጥፋት ምልክት ይጠበቅ በነበረበት ቦታ የመቀጣጠል ፍንጭ ታየ ማለት ነው። ሆኖም የተመረጡት በሩቅ ኢንፍራሬድ የሚታዩት፣ ማለትም አቧራና ጋዝ ያልጨረሱት ስለሆኑ፣ ውጤቱ ለሁሉም ጋላክሲ አይሠራም።

ነገሩን የሚያከብደው ጊዜ ነው። እምብርቱ በርቶ የሚቆየው ከጋላክሲው ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ለአፍታ ነው፤ ዛሬ ጠፍቶ የምናየው ትናንት ኳዛር ሊሆን ይችላል። (ሱረቱ አጥ-ጧሪቅን ከፐልሳር ጋር እንደሚያያይዙት ሁሉ ይህንንም ከአንቀጽ ጋር ለማያያዝ የምትቸኩሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ገና በክርክር ላይ ያለን መላምት በአላህ ቃል ላይ አትጫኑ።)

የእንጦጦ ቴሌስኮፖች መስታወታቸው 1 ሜትር ነው። የ2017ቱ ጥናት ግን በእነሱ አልተሠራም፤ መረጃው የተወሰደው ከትልልቅ ቴሌስኮፖች መዝገብ ነው። ከዚያ መዝገብ ብዙው ዛሬ በነፃ ይገኛል። ለመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ የሚፈልግ የፊዚክስ ተማሪ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለው ከዚያው መጀመር ይችላል።